የሌሞ ስንዴና የኤደን ባሕረ ሰላጤ

የካቲት 23 ቀን 2016 ዓ.ም. አገሩ ሁሉ የዐድዋን ድል ሲያከብር፣ ከባብ ኤል መንደብ ማዶ በየመን ዳርቻ አጠገብ ሩቢማር የምትባል የጭነት መርከብ ሰጠመች። ከሁለት ሳምንት በፊት በየመን የሁቲ ታጣቂዎች ሚሳይል ተመትታ ውኃ ስታስገባ የሰነበተች ናት። በሆዷ የያዘችው 21 ሺህ ቶን ያህል ማዳበሪያ ነበር፤ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት፣ የእኛ ገበሬ ኤንፒኤስ ብሎ ከሚያውቀው ጋር አንድ ዘር የሆነ ማዳበሪያ። ጭነቱ ወደ ቡልጋሪያ ይሄድ የነበረ እንጂ የእኛ አልነበረም። የዓለም ዜናም የተጨነቀው በአብዛኛው ለቀይ ባሕር ዓሣና ለኮራሉ ነው፤ ተገቢ ጭንቀት ነው። ለእርሻ አገር ግን ዜናው ሌላ ትርጉም አለው። ያ ጭነት 210 ሺህ ኩንታል ነው፤ ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ቢባል 210 ሺህ ሄክታር ስንዴ ያዳርስ ነበር። በዚያው ባሕር ላይ፣ በዚያው መስመር፣ ያንኑ ዓይነት ጭነት የያዙ መርከቦች በየዓመቱ ወደ ጅቡቲ ይመጣሉ።

ሆሳዕናን ከቦ የሚገኘው የሌሞ ወረዳ የስንዴ፣ የባቄላና የእንሰት አገር ነው። እንሰቱን የጓሮ ፍግ ያኖረዋል፤ ስንዴው ግን የማዳበሪያ ኩንታል ይጠብቃል። ከዱራሜ እስከ አንጋጫና ዶዮገና ያለው የከምባታ ደጋም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን የፋብሪካ ማዳበሪያ ሁሉ የምታስገባው ከውጭ ነው፤ መጠኑም በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ20 ሚሊዮን ኩንታል አልፏል። ጅቡቲ ላይ በጅምላ ይራገፋል፣ በየኩንታሉ ይሞላል፣ በጋላፊ በኩል በከባድ መኪና ይገባል፣ ሆሳዕና ካለው የዩኒየን መጋዘን ለመሠረታዊ ማኅበራት ይከፋፈላል። ሐምሌ ላይ የሌሞ ገበሬ ማሳው ላይ ስንዴ ሲዘራ፣ በእጁ ያለው ማዳበሪያ ከወራት በፊት በአንድ መርከብ ሆድ ውስጥ ነበር። ስለዚህ በሶማሊያ ዳርቻ የሚካሄደው የውንብድና መከላከል ሥራ ለሌሞ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የመኽሩ የጊዜ ሰሌዳ የሚጀምረው እዚያ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራውን ዓለም አቀፍ ትብብር የውጭ ኃያላን ጉዳይ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ኢትዮጵያ በዚህ ትብብር ውስጥ ከመነሻው የፈረመች አገር ሆና ሳለ ወንበሯን የሚገባውን ያህል አለመጠቀሟ ደግሞ የባሰ ስሕተት ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይኸው ነው።

መጀመሪያ ካርታውን እንመልከት። ወደ ጅቡቲ የሚያስገቡት በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው የሰሜኑ ነው፦ የሞሮኮ ፎስፌት ማዳበሪያ ከጆርፍ ላስፋር ወደብ ተነሥቶ በሜዲትራኒያን፣ በስዊዝ ቦይና በቀይ ባሕር ወርዶ ባብ ኤል መንደብን ያልፋል። ሁለተኛው የምሥራቁ ነው፦ ከዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮችና ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ዩሪያ የዐረብን ባሕርና የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ያቋርጣል። የሰሜኑ በር ሲታወክ መርከብ አፍሪካን በደቡብ ዞሮ ይመጣል፤ ይህ መንገድ ከስዊዙ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። ዞሮ የሚመጣውም መርከብ መጨረሻው የሶማሊያን ዳርቻ ሽቅብ ወጥቶ በምሥራቁ በር መግባት ነው። ከሚሳይል የሸሸ ወደ ወንበዴዎች ሠፈር ይሄዳል ማለት ነው። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ጉዳቱ የሚደርሰው ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው በዋጋ በኩል ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ያህል 30 ሚሊዮን ዶላር የምታወጣና 50 ሺህ ቶን የጫነች መርከብ እንውሰድ። ከሁቲዎች ጥቃት በፊት ለዚህ ባሕር የሚከፈለው የጦርነት አደጋ መድን ከመርከቧ ዋጋ ከ0.1 በመቶ በታች ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ወደ 1 በመቶ ወጣ። ይህ 300 ሺህ ዶላር ነው። በ500 ሺህ ኩንታል ሲካፈል ለአንድ ኩንታል 60 ሳንቲም ዶላር ይደርሳል፤ በቅርቡ ምንዛሪ ወደ መቶ ብር የሚጠጋ። ኩንታሉ በሺዎች ብር በሚሸጥበት ጊዜ መቶ ብር ለአርሶ አደር ቀላል አይደለም፤ ግን ዘርን አያስቀርም። ዘርን የሚያስቀረው ጊዜ ነው። የመርከብ ባለቤት ይህን ባሕር አልሄድም ሲል፣ ተከራዩ ሌላ መርከብ ሲፈልግ፣ መርከቡ ዞሮ ሲመጣ፣ አጃቢ ሲጠብቅ ሳምንታት ያልፋሉ። የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ የራሱ መርከቦች ጥቂት በመሆናቸው ማዳበሪያው በአብዛኛው የሚጓጓዘው በኪራይ በውጭ መርከቦች ነው፤ ስለዚህ የመሄድና ያለመሄድ ውሳኔው በእኛ እጅ አይደለም። ዘግይቶ ነሐሴ ላይ የደረሰ ማዳበሪያ ለሐምሌ ዘር አይሆንም። ነጋዴ የሦስት ሳምንት መዘግየትን በዋጋ ያካክሰዋል፤ ስንዴ ዘሪ ግን ሰማይን ሦስት ሳምንት ቆይልኝ ሊለው አይችልም።

ትብብሩ ምን ሠራ? መልሱ በቁጥር የተመዘገበ ነው። መስከረም 2001 ዓ.ም. ፋይና የምትባል የዩክሬን መርከብ 33 ታንኮች እንደ ጫነች ተጠለፈች። በኅዳር ሲሪየስ ስታር የተባለችው የሳዑዲ ግዙፍ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ሁለት ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ይዛ በወንበዴዎች እጅ ገባች። በዚያው ዓመት መጋቢት መጨረሻ ማርስክ አላባማ የተባለችው መርከብ የምግብ ርዳታ ይዛ ወደ ሞምባሳ ስትጓዝ ተያዘች። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም አቀፉ የባሕር ቢሮ ለሶማሊያ ወንበዴዎች የቆጠረው ጥቃት 237 ነበር። በ2012 ወደ 75፣ በ2013 ወደ 15 ወረደ፤ በ2015 ዜሮ ሆነ። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ የወደቀ የተደራጀ ወንጀል ለማግኘት ብዙ መፈለግ ያስፈልጋል።

ይህን ያመጣው የጦር መርከብ ብቻ ነው ማለት ታሪኩን ማጉደል ነው። እርግጥ ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ግንቦት 25 ቀን 2000 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ ቁጥር 1816 በሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ፈቃድ የውጭ ባሕር ኃይሎች ወደ ሶማሊያ የባሕር ክልል ገብተው ወንበዴ እንዲያሳድዱ ፈቀደ። በዚያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት አታላንታ ዘመቻ ከኅዳር 2001 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከዚያም የኔቶና በአሜሪካ አስተባባሪነት የቆመው የብዙ አገሮች ግብረ ኃይል ወደ አካባቢው ገቡ። ቻይና፣ ሕንድ፣ ሩሲያና ጃፓን በየራሳቸው መጡ። በሌላው ዓለም አንዱ የሌላውን መርከብ በጥርጣሬ የሚያይ ኃይል ሁሉ እዚህ በአንድ የመተላለፊያ መስመር ላይ ተራ እየገባ መርከብ አጀበ፤ መኮንኖቻቸውም ባሕሬን ላይ በየጊዜው እየተገናኙ ተነጋገሩ። ግን የባሕሩ ስፋት በሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ነው፤ ጥቂት ደርዘን የጦር መርከቦች ሊሸፍኑት አይችሉም። ሌላው ሥራ የተሠራው በነጋዴው መርከብ ላይ ነው፦ ፍጥነት መጨመር፣ ዙሪያውን በእሾህ ሽቦ ማጠር፣ ሠራተኛው የሚደበቅበት የተጠናከረ ክፍል፣ በመጨረሻም የታጠቁ ጠባቂዎች። ሦስተኛው በየብስ ላይ ነው። የተያዙት ወንበዴዎች ያለ ፍርድ ይለቀቁ በነበረበት ጊዜ ማሳደዱ ትርጉም አልነበረውም፤ ኬንያና ሲሸልስ ፍርድ ቤቶቻቸውን ከፈቱ፣ የሶማሌላንድና የፑንትላንድ ወኅኒ ቤቶች ፍርደኞችን ተቀበሉ። እንደ ኤይል ባሉ ከተሞች የአገር ሽማግሌዎችና ነዋሪዎች ራሳቸው ወንበዴዎቹን አስወጡ። ይህ የመጨረሻው ነገር በጦር መርከቦቹ ዜና ውስጥ ስለሚጠፋ ብቻውን ሊነሣ ይገባዋል።

ትብብሩ ያልደረሰበትም ቦታ አለ፤ የገንዘቡ መንገድ። የዓለም ባንክ ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር ባወጣው ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2012 ባለው ጊዜ 179 መርከቦች ተጠልፈው ከ339 እስከ 413 ሚሊዮን ዶላር የማስለቀቂያ ገንዘብ ተከፍሏል። ከዚህ ውስጥ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን የወሰዱት ባሕር ረግጠው የማያውቁ ገንዘብ አቅራቢዎች ናቸው። ጀልባ ላይ የተያዘው ወጣት ሃያ ዓመት ሲፈረድበት ገንዘብ ያቀረበው በአብዛኛው አልተነካም። አፍወይኔ በሚል ቅጽል ስም የታወቀው የወንበዴዎች አለቃ ጥቅምት 2006 ዓ.ም. የተያዘው የሕይወቱ ታሪክ ፊልም ይሠራል ተብሎ ወደ ብራስልስ እንዲመጣ በተደረገ ብልሃት ነው፤ ቤልጅየም ውስጥ ሃያ ዓመት ተፈረደበት። እሱን መሰል አለቆች ላይ የተወሰደ ርምጃ በጣት የሚቆጠር ነው። ገንዘብ አቅራቢ ሳይነካ የቀረ ወንጀል ደግሞ አመቺ ጊዜ ሲያገኝ ይመለሳል።

ተመለሰም። ኔቶ ዘመቻውን በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ዘጋ። የጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ የካቲት 2014 ዓ.ም. አበቃ፤ የሶማሊያ መንግሥት እንዲታደስ አልፈለገም፣ የማንም ሉዓላዊ አገር ስሜት ስለሆነ አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ የመርከብ ድርጅቶች ማኅበራት ባሕሩን ከከፍተኛ አደጋ ቀጠና ዝርዝር አወጡት፤ ብዙ መርከቦችም የታጠቁ ጠባቂዎቻቸውን ቀነሱ። ኅዳር 2016 ዓ.ም. ሁቲዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ሲይዙ የዓለም ዓይንና የጦር መርከብ ሁሉ ወደ ቀይ ባሕር ዞረ። ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን፣ ሩወን የምትባል የጭነት መርከብ በሶማሊያ ወንበዴዎች ተያዘች፤ ከስድስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ትልቅ ጠለፋ ነበር። መጋቢት ላይ አብዱላህ የተባለችው የባንግላዴሽ መርከብ ከ23 መርከበኞች ጋር ተወሰደች። በዚያው ወር የሕንድ ባሕር ኃይል ሩወንን አስለቅቆ 35 ወንበዴዎችን ማረከ። ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሄላስ አፍሮዳይት የተባለች ነዳጅ ጫኝ ከሶማሊያ ዳርቻ ርቃ ተያዘች፤ 24ቱ መርከበኞች በተጠናከረው ክፍል ተሸሽገው ቆይተው በአታላንታ ሥር ያለ የስፔን የጦር መርከብ ደርሶ አዳናቸው። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ትብብሩ በሚሠራበት ጊዜ ሥራው አይታይም፤ የማይታይ ሥራ ደግሞ በጀት ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚቆረጠው ነው። እንደ ገደል ማገጃ አጥር ነው፤ ማንም ስላልወደቀ አጥሩ አያስፈልግም የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም።

እዚህ ላይ የሚነሣ መከራከሪያ አለ፤ በሶማሊያም በሌላውም አፍሪካ በብዙ ሰው አፍ የሚገኝ ስለሆነ ሊመለስ ይገባዋል። ወንበዴ የሚባሉት ዓሣቸው የተዘረፈባቸው አጥማጆች ናቸው፣ መጀመሪያ የዘረፉት የውጭ መርከቦች ናቸው የሚል ነው። ከእውነት የራቀ አይደለም። የሶማሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1991 ከፈረሰ በኋላ የውጭ መርከቦች ያለ ጠያቂ ዓሣ ዘርፈዋል፤ የወንበዴዎቹ ቡድኖች ከመጀመሪያው ራሳቸውን የባሕር ጠባቂ ብለው ሲጠሩ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን የሁለት ሚሊዮን በርሜል ነዳጅ መርከብ ዓሣ አልዘረፈም፤ ለሞምባሳ ርዳታ የጫነውም እንዲሁ። የባንግላዴሽና የፊሊፒንስ መርከበኛ ለወራት ታግቶ ሲራብ የኤይል አጥማጅ መረብ አልሞላም። ቅሬታው የወንጀሉን መነሻ ያስረዳል፤ ወንጀሉን አያጸድቅም። ሆኖም ከክርክሩ አንድ የሚቀር ፍሬ አለ፦ የሶማሊያን ዓሣ የማይጠብቅ የባሕር ጸጥታ የሌላውን መርከብ ብቻ የሚጠብቅ ነው፤ ዳርቻው ላይ ያለው ሕዝብም ይህን ያውቃል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከቤታችን ነው፤ ክብደት ያለውም እሱ ነው። ኢትዮጵያ የራሷ ወደብና የራሷ ባሕር ኃይል ሲኖራት ከዚህ ሁሉ ትገላገላለች የሚል። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ወደብ አልባ የሆነች፣ ከኤርትራ ጋር ከተደረገው የ1990ው ጦርነት በኋላ ንግዷን ከሞላ ጎደል በአንድ ጎረቤት ወደብ ላይ የጣለች አገር ይህን ጥያቄ ማንሣቷ የሚያስወቅሳት አይደለም፤ የሕዝብ ብዛቷም ያስገድዳታል። ከሶማሌላንድ ጋር ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ፣ በሶማሊያ ያስከተለው ቁጣ፣ በዓመቱ አንካራ ላይ የወጣው የስምምነት መግለጫ ሁሉ የዚሁ ጥያቄ ምዕራፎች ናቸው። ግን ጥያቄው ቢመለስ እንኳ ማዳበሪያው የሚያልፍበት ባሕር አይቀየርም። በርበራም ሆነ ዘይላ ያሉት በዚያው በኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው። አሰብም ከባብ ኤል መንደብ ጥቂት ወደ ሰሜን ነው። ወደብ የመርከብ ማረፊያ ነው፤ መንገዱን አይጠብቅም። ባሕር ኃይሉስ? የባሕር በር ያላቸው፣ ከእኛ አሥር እጥፍ ሀብታም የሆኑ አገሮች እንኳ ይህን መስመር ብቻቸውን መጠበቅ አልቻሉም፤ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት አማራጭ ስላልነበራቸው ነው።

ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የእኛም ወንበር አለ። ጥር 21 ቀን 2001 ዓ.ም. የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስና የኤደን ባሕረ ሰላጤ አገሮች በዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ሰብሳቢነት ጅቡቲ ላይ ተሰባስበው ውንብድናን በጋራ ለመከላከል የሥነ ምግባር ደንብ ሲያወጡ፣ በዚያው ዕለት ከፈረሙት ዘጠኝ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። አንድ ክንድ የባሕር ዳርቻ ሳይኖራት። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ግን ሪያድ ላይ የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ዐረብና አፍሪካ ተዋሳኝ አገሮች ምክር ቤት ሲቋቋም ኢትዮጵያ አልተጠራችም። የሁለቱ ልዩነት የሚያስተምር ነው። የሪያዱ ምክር ቤት መለኪያው ዳርቻ ነው፤ ዳርቻ የሌለው አይገባም። የጅቡቲው ደንብ መለኪያው ተጠቃሚነትና ኃላፊነት ነው። ከተከለከልንበት በር ፊት ቆመን የምናሰማው ድምፅ ከተከፈተልን ቤት ውስጥ ከምንሠራው ሥራ በልጦ መታየቱ ያሳዝናል።

የሆሳዕና ነዋሪ የሚያነሣው ሦስተኛው መከራከሪያ ቀጥተኛ ነው፦ ማዳበሪያ የሚዘገየው እዚሁ አገር ውስጥ ነው እንጂ ባሕር ላይ አይደለም ይላል። ግዢው ዘግይቶ ይወሰናል፣ የውጭ ምንዛሪ ይጠፋል፣ መኪና ይጎድላል፣ ከመጋዘን ወጥቶ ለነጋዴ የሚሸጥ አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ገበሬውን ለሰልፍ ያወጣው እጥረት የሶማሊያ ወንበዴ ሥራ አይደለም። የዩክሬን ጦርነትም፣ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የብር ምንዛሪ መለቀቁም ዋጋውን ከባሕር መድን እጅግ በላይ ገፍተውታል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ከላይ ያለው የመቶ ብር ስሌትም ይህንኑ ይመሰክራል። ነገር ግን ክርክሩ ተገልብጦ ለእኔ ይሠራል። በቤት ውስጥ የሚባክነው ጊዜ በበዛ ቁጥር ባሕር ላይ የሚባክን አንድም ሳምንት የለንም። ግዢው በጥቅምት ተወስኖ መርከቡ በጥር ቢጫን፣ አፍሪካን ዞሮ እንኳ ቢመጣ ለሐምሌ ይደርሳል። በመጋቢት ለተጫነው ግን አንድ የተዘጋ በር ይበቃዋል። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ ሊሠራ ስምምነት የተፈረመበት ፋብሪካ በዓመት ሦስት ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ሲያመርት የጥያቄው ግማሽ ይቀላል። ዩሪያ ግን ናይትሮጅን ነው፤ ፎስፈረሱ አሁንም በመርከብ ይመጣል።

እንግዲህ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ምን ይደረጋል? ከሁሉ የሚቀርበው ሥራ መረጃ ነው። የደንቡ አባል አገሮች የመረጃ ማዕከሎች ባሕሩ ላይ ያለውን አደጋ ይለዋወጣሉ። ይህ መረጃ የማዳበሪያ ግዢ በሚወሰንበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሊደርስ፣ የመጫኛው ወርና መንገዱ በሱ ሊመረጥ ይገባል። ሁለተኛው ሰው ነው። ባሕር ዳር ላይ ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ኢትዮጵያውያን የመርከብ መኮንኖችን እያስተማረ በዓለም መርከቦች ላይ አሰማርቷል፤ እነዚህ ልጆች በዚያው መስመር ያልፋሉ፣ የመታገት አደጋም አለባቸው። ባሕሩን የሚያውቅ ሰው ያላት አገር በስብሰባው ላይ ተወካይ ለመላክ የምትቸገርበት ምክንያት የለም። ሦስተኛው የብሱ ነው፤ እዚህ ላይ ኢትዮጵያ ብዙ ከፍላለች። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአፍሪካ ኅብረት ተልእኮ ሥር በሶማሊያ የተሰለፈው ሠራዊቷ ለባሕሩም ጸጥታ የዋለ መሆኑ በዚህ መድረክ ሊነገርላት የሚገባ ነው፤ ውንብድና የሚያርፈው የብስ ላይ ነውና።

በጥር 2009 ዓ.ም. ጅዳ ላይ የተሻሻለው የጅቡቲው ደንብ ደግሞ ከውንብድና አልፎ ሕገወጥ ዓሣ ማስገርን፣ የጦር መሣሪያና የሰው ዝውውርን በአንድ ላይ አስገብቷል። የጭነት መርከብ የሚጠለፍበት የኤደን ባሕረ ሰላጤ የእኛ ልጆች በአሻጋሪ ጀልባ ተጭነው ወደ የመን የሚሻገሩበት ባሕር ነው። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አብያን ዳርቻ በተገለበጠችው ጀልባ ከዘጠና በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚያ ባሕር ላይ ራዳርና የጦር መርከብ አልጠፋም፤ የተፈለገው ግን ሌላ ዓይነት ጀልባ ነበር። ከሀዲያና ከከምባታ የሚወጣው ወጣት በብዛት የሚሄደው በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ቢሆንም፣ በምሥራቁ መንገድ ወደ ዐረብ አገር የሚሻገርም አለ፤ ወላጁም የቱን መንገድ እንደ ያዘ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ስልክ ሲደወልለት ነው። የጅዳውን ማሻሻያ ኢትዮጵያም ፈርማለች። ዘይት የጫነውን መርከብ የሚያይ ራዳር ሰው የጫነችውንም ጀልባ አይቶ ለነፍስ አድን እንዲያሳውቅ በዚያ ስብሰባ ላይ ለመጠየቅ ከኢትዮጵያ የበለጠ መብት ያለው አባል የለም።